ባለቤት ያለው በርጩማ

«ይቺ ልጅህ አርጅታ ስትቀበር፣ ይሄ ድልድይ ቆሞ ይሸኛታል።»

እንዲህ ያለው ፎርማኑ ነበር፤ ወይም ሌላ ሰው ነው። ልጅቷ ለአባቷ ምሳ አድርሳ፣ አሸዋ ክምር ላይ ቁጭ ብላ በጣቷ ጉድጓድ ትቆፍር ስለነበር የተናጋሪውን ፊት አላየችም። አባቷ ፌሮ አሳሪ ነበር። ምን ብሎ እንደመለሰም አጥርታ አታስታውስም። አንዳንዴ «አሜን፣ ከአፍህ ይቀበልህ» ያለ ይመስላታል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ለልጄ ሌላ ምርቃት አጣህ?» ብሎ የተቆጣ። ሳቃቸውን ግን አትረሳውም። ጣውላው ገና ካልተነቀለለት ድልድይ ሥር ገብቶ፣ እዚያው ሲንከባለል ቆይቶ ተመልሶ ወጣ።

እነሆ ልጅቷ አረጀች። የመሸኘት ተራው የደረሰው ግን ለድልድዩ ነው።

መጀመሪያ ሆዱ መላጥ ጀመረ። አባቷ ያሰረው ፌሮ ዝጎና አብጦ፣ እንደ ከሲታ ሰው ጎድን ብቅ ብቅ አለ። ቀጥሎ አንድ ቁራሽ ኮንክሪት ወድቆ የቆመ ታክሲ ጣሪያ አጎደጎደ። ከዚያ ወዲያ ቆብ ያደረጉ ሰዎች መጥተው ምሰሶዎቹን በመዶሻ እያንኳኩ እንደ ሐኪም አዳመጡ። ፍርዱ ወጣ፤ ድልድዩ ከነማሳለጫው ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። መሃል ከተማ ስለሆነ መንገዱ ጨርሶ አይዘጋም፤ በአንዱ ጎን መኪና ሲያልፍ በሌላው ጎን ይቆረጣል።

«ገሚሱን ገንዘው ገሚሱን ሥራ ላኩት» አለ ጫማ ሰፊው። «እንዲህ ያለ ቀብር አይቼም አላውቅ።»

ጫማ ሰፊው የዚያች ልጅ ጎረቤት ነው፤ እሷ አሁን ጎሚስታ ናት። ከድልድዩ ሥር ኮምፕሬሰሯን ተክላ፣ ክሪኳን ደግፋ፣ ከባሏ ሞት ወዲህ አንድ ልጇን በዚሁ አሳድጋ ድራለች። «እትዬ ንፋስ» ይሏታል፤ ጎማ ስለምትነፋ። አትቀየምም። «ንፋስ ሸጦ ያደረ ከኔ ሌላ ማን አለ?» ትላለች።

ከድልድዩ ሥር የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ምሰሶ አለው። ውል የለም፣ አጥር የለም፤ ሕጉ በርጩማ ነው። ሰው ሲታመም፣ ሐዘን ሲደርስበት፣ አገር ቤት ሲሄድ፣ በርጩማውን ከምሰሶው ሥር ትቶ ይሄዳል። በርጩማ ካለ ባለቤቱ ይመለሳል። ማንም አይነካውም፣ ማንም አይቀመጥበትም፤ ጎረቤት አቧራውን ይጠርግለታል እንጂ። ባለቤቱ ላይመለስ ከሆነ ዘመድ መጥቶ በርጩማውን ያነሳል፤ ያን ጊዜ ቦታው ለሌላ ሰው ይሆናል።

ከጎሚስታዋ ምሰሶ ቀጥሎ ባለው ሥር አንድ የብረት በርጩማ አለ። አንድ እግሩ ያጥራል። ታናሽ ወንድሟ በያጅ ነበር፤ ብየዳ ሲለማመድ ከፌሮ ቁርጥራጭ የሠራው የመጀመሪያ እቃው ነው። የሄደው ተጣልቷት ነው።

«ከድልድይ ሥር ያረጀ ሰው ሰማይ አያይም» አላት የዚያን ቀን፤ መሣሪያውን በጆንያ እያስገባ።

«እኔን ማየት አቅቶህ ነው ሰማይ ያማረህ?»

«እታለም፣ ተይኝ።»

በርጩማውን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ቀድማ ነጠቀችው። «እሱን አትወስድም። ሂድ፣ ዙር፣ ስትጠግብ ትመለስበታለህ።» ከምሰሶው ሥር አስቀምጣ እግሯን ሰቀለችበት። ዘወር ብሎም አላያት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከኮምፕሬሰሩ በፊት የምትነካው በርጩማውን ነው። በጨርቅ ጠረግ ታደርገውና፣ ቀና ብላ ወደ ድልድዩ ሆድ፣ «ከነነፍሱ መልስልኝ» ትላለች። ከዚያ በላይ ሰማይ እንዳለ በእምነት ታውቃለች።

ልጇ ያገባችው ቁልፍ ቀራጭ ነው። ትሑት፣ እጁ የማያርፍ ሰው። ማሽኑን ተሸክሞ ከአንዱ አስፋልት ጠርዝ ወደ ሌላው ሲባረር ሰንብቶ አንድ ቀን መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ «እናቴ፣ ያ ምሰሶ ባዶ ነው፤ ቢፈቅዱልኝ» አላት።

«ባለቤት አለው» አለችው።

«እስኪመጣ ድረስ…»

«ባለቤት አለው አልኩህ።»

ቁልፍ ቀራጩ አልተከራከረም። ልጇ ግን ማታ መጣች። «እማዬ፣ በቁሙ ካለው ሰው የሌለው ሰው በርጩማ በለጠብሽ?» አለች። እናቷ፣ «የሌለ አትበይው» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ነው።

የማፍረሱ ሥራ ወደ እነሱ ምሰሶ ሲቃረብ ፎርማኑ ወረደ። ከአባቷ ዘመን ፎርማን የልጅ ልጅ ቢሆን ነው፤ ልጅ እግር ነው፤ ቆቡ ሰፍቶታል።

«እናቶች፣ አባቶች፣ ስሙኝ» አለ። «ከአዲሱ መውጫ ሥር ሱቆች ይሠራሉ። ለእናንተ ነው። ነገ ጠዋት ከከተማው ሰዎች ጋር በየምሰሶው እንዞራለን፤ ቦታው ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ያገኘነው ሰው ሱቅ ይደርሰዋል። ያላገኘነው አይደርሰውም። ሁለተኛ ዙር የለም።»

ጎሚስታዋ ወደ ብረቱ በርጩማ ጠቆመች። «ይሄኛው ባለቤት አለው።»

«የት ነው ያለው?»

«ይመጣል።»

«ነገ ይመጣል?»

ጫማ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አወጣና፣ «ጌታዬ፣ ይሄ በርጩማ ከሁላችንም በፊት ይገባል ከሁላችንም በኋላ ይወጣል። አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ለሱም ሱቅ ስጡት» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፎርማኑ ግን አልሳቀም።

«እናቴ፣ እኔ በርጩማ አልመዘግብም» አላት ቀስ ብሎ። «ዘመድ ካለዎት ያስቀምጡበት። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ከዚህ በላይ ያለው ፌሮ ይቆረጣል። ቆራጩ ወርዶ ሥሩን ሳያይ እሳት አይለኩስም፤ የሥራችን ሕግ ነው፤ በሰው ወሬ አይሆንም፣ በራሱ ዓይን ነው። ጎማዎችዎን ከዚያ ያርቁለት።»

ጎማዎቿን እያንከባለለች ስታርቅ አንድ ሰው በመሰላሉ ወረደ። የቆዳ ሽርጥ፣ የቆዳ ጓንት፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፤ ፊቱ በጥላሸት ተለውሷል። ሌላ ቆራጭ ቢሆን ወደ ጎማው፣ ወደ ዘይቱ፣ ወደ ኮምፕሬሰሩ ያይ ነበር። እሱ ያየው በርጩማውን ነው። አየና እግሩ መሰላሉ ሥር ቀረ።

የያዘችው ጎማ ከእጇ ወጥቶ ብቻውን እየተንከባለለ ሄዶ የጫማ ሰፊውን ሣጥን መታ።

«እታለም» አለ ሰውየው።

አላቀፈችውም። ልታቅፈው እጇን ዘርግታ ነበር፤ ግን ሽርጡ ላይ የተጻፈውን የአፍራሹን ድርጅት ስም አየች። ሽርጡ አዲስ አልነበረም፤ ፀሐይ በልቶታል፣ ብልጭታ ወንፊት አድርጎታል። እጇን መልሳ ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ምኑ?»

«ከላይ የሆንከው።»

አንገቱን አከከ። «ከወዲያኛው ጫፍ ሥራው ሲጀመር ጀምሮ።»

«ከወዲያኛው ጫፍ!» አለች። የወዲያኛው ጫፍ ሥራ የተጀመረው ክረምቱ ሳይገባ ነበር። ዝናቡን ሁሉ እሷ ከሥር፣ እሱ ከላይ። «እና መውረጃ አጣህ? መሰላል ጠፋ?»

«በዚህ በኩል ያለውን ለጓደኛዬ ስሰጥ ነበር የከረምኩት። ዛሬ አሞት ቀረብኝ።»

«እሰይ! እግዜር ይማረው ልበል፣ አይማረው ልበል?»

ጫማ ሰፊው ያላለቀ ጫማ አንስቶ በማይሰማ መዶሻ ይመታ ጀመር። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲሰማ ያልሰማ ይመስላል።

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚያ በፊትም መጥቼ ነበር። በሄድኩ በዓመቱ። እዚያ ማዶ ቆምኩ። አንቺ ጎማ ትነፊያለሽ። ይሄ ነገር እዚህ ተቀምጧል፤ ተጠርጎ፣ አብረቅርቆ። እጄ ባዶ ነበር። እሱን ሳይ ፍርድ ቤት የቆምኩ መሰለኝ። ምን ይዤ ነው የምቀመጥበት? ተመለስኩ።»

«እንዲጠብቅህ ነው ያስቀመጥኩት።»

«አውቃለሁ። የሚጠብቀኝ ባይኖር ኖሮ እመጣ ነበር።»

ስንት ጠዋት ቀና ብላ «መልስልኝ» ያለችው ትዝ አላት። ተመልሶላት ኖሯል። ጸሎቷ ከጣሪያው አላለፈም ብላ ስትፈራ፣ መልሱ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ፌሮ ይቆርጥ ነበር። አምላኳን ለመውቀስ ቃጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። እግዜር ድርሻውን ሠርቷል።

«እሺ፣ ያለፈው አለፈ» አለች። «ነገ ጠዋት መጥተህ ቁጭ በል። ሱቅ ይሰጡሃል። አባታችን ባሰረው ድልድይ…»

«አባታችን ያሰረውን እኔ ነኝ የምቆርጠው፣ እታለም። አሁን ወጥቼ።»

«አንድ ጠዋት ብቻ። አይተውህ ይለፉ።»

«አልቀመጥም።»

«ለኔ ስትል።»

«ላንቺ ብዬ ነው የማልቀመጠው። ብቀመጥበት ነገ ደግሞ እንዳልነሳ ትይዢኛለሽ።» መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ ዓይኑ ጠፋ። «እዚህ ሥራው ሲያልቅ ሌላ ከተማ ድልድይ አለ። አንሺው፤ ብልጭታ ይወርድበታል።»

«በእጄ ላነሳው?»

«ዘመድ ነው የሚያነሳው፤ ሕጋችሁ እንደሱ አይደል?»

በመሰላሉ ተመልሶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ እሳቱ ፉጨቱን ጀመረ፤ ብልጭታው እየተበተነ ወረደ። ከፊሉ በርጩማው ላይ አርፎ ጠፋ። እስኪያልቅ ቆማ አየችው። ከዚያ ሄዳ አነሳችው። ቀላል ነበር። ያን ቀን ካስቀመጠችው ወዲህ ስትጠርገው እንጂ አንስታው አታውቅም ኖሯል።

ጫማ ሰፊው መዶሻውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ልሸከምልሽ?»

«አንተ ጫማህን ስፋ።»

የልጇ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ ግድግዳው ጎረቤት ሲያስነጥስ የሚያሰማ። በርጩማውን በብብቷ ይዛ ስትደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን መስኮት ሥር አድርጎ የአንድ ጎረቤት ቁልፍ ይሞርዳል። ልጇ በሩን ከፈተችና፣ መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ በርጩማውን አየች። ፊቷ አልተፈታም።

«ሰው ሞተ?» አለች።

«አልሞተም። አለ።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበሮች ነበሩ። አንዱ ላይ ልብስ ተከምሯል፣ ሌላው ላይ ባልየው ተቀምጧል። ሊነሳላት ብድግ ሲል ሚስቱ በዓይኗ መለሰችው። ልብሱንም ያነሳ የለም። ጎሚስታዋ እንደ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ደረጃው ጉልበቷን ጨርሶታል። በመጨረሻ በርጩማውን መሬት አስቀምጣ ቁጭ አለችበት። አጭሩ እግር ወደ ጎን አዘነበላት፤ ግድግዳውን ይዛ ቀና አለች። እንደሚያዘነብል አታውቅም ነበር፤ ተቀምጣበት አታውቅማ።

የነገውን ነገር ነገረቻቸው፤ ሱቁን፣ ዙሩን፣ ሁለተኛ ዕድል አለመኖሩን። ስለ ወንድሟ የተናገረችው «ከላይ ነው፤ ፌሮ ይቆርጣል» ብቻ ነው። ልጇ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቁልፍ ቀራጩ የሞረደውን ቁልፍ በጣቱ ዳሰሰ፤ አቧራውን እፍ አለበት።

«ባለቤት አለው ብለውኝ ነበር፣ እናቴ።»

«የለውም» አለች።

«እንዴት?»

«የለውማ። አንስቼዋለሁ፤ ይኸው።»

«ያን ጊዜ ቢያነሱት ኖሮ…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ተወው። የሰው ደካማ ጎን እንኳ ሲያገኝ ጠልቆ የማይወጋ ሰው ነው። ሚስቱ ግን አልተወችውም፤ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ «ያን ጊዜማ የሌለነው እኛ ነበርን» አለች።

ማሽኑ ቆሟል፤ ከታች መንገድ ላይ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ድልድዩ መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ከመኪናው ገሚሱ በዚህ ሠፈር ነው የሚያልፈው።

«በዚህ በርጩማ አልቀመጥም» አለ ቁልፍ ቀራጩ በመጨረሻ።

«ማን ተቀመጥበት አለህ?»

አንድ ጊዜ ሚስቱን አየ። እሷ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ከእሷ ዘንድ ይህ እሺታ ነው። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለ፤ ገመዱን በክርኑና በመዳፉ መሐል መጠቅለል ጀመረ።

«እሺ፣ በማለዳ እመጣለሁ» አለ። «መቀመጫዬን ግን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»