የሎብስተር አጥማጁ ድምፅ

በወደብ ከተማዋ በፖርት ፌሪ፣ ሎብስተር የሚባለውን ውድ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ የሚያጠምድ ሰው ወጥመዱን የጣለበትን ቦታ ለገዛ ወንድሙም አይነግርም። ዳርሲ የተባለ ባለሙያ ለአጥማጆቹ የሠራላቸው የስልክ መተግበሪያም ይህን ያከበረ ነበር፦ አጥማጁ ቦታውን በድምፁ ይናገራል፣ ድምፁ እዚያው ስልክ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቅጂ ወደየትም አይሄድም። ከአጥማጆቹ አንዱ፣ ክላይቭ፣ ሲሞት ለሚስቱ ለኖሊን የቀራት ድምፁ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ነፋሱን ሲራገም፣ አልፎ አልፎም ሲያንጎራጉር።

ከዚያ የስልኩ ኩባንያ መተግበሪያውን ከመተግበሪያ መደብሩ አባረረው። ኩባንያው ከእያንዳንዱ ክፍያ ድርሻውን ይቆርጣልና፣ የዳርሲ ወንጀል ደንበኞቹን «በቀጥታ ለእኔ ብትከፍሉ ይረክስላችኋል» ማለቱ ነው። ስልኩ ራሱ ሲታደስ፣ ያልታደሰው መተግበሪያ መከፈት አቆመ። ክላይቭ ውስጡ ተቆለፈበት።

እኔ የዳርሲ ጠበቃ ነበርኩ። የኩባንያው ጠበቆች «ሌላ መደብር ስልኩ ውስጥ ከገባ የተጠቃሚው ደኅንነት ይጓደላል» ሲሉ ደሜ ይፈላ ነበር። በር ዘግቶ ቀረጥ የሚሰበስብ ሁሉ ራሱን ዘበኛ ብሎ ይጠራል! ረታናቸው። ተፎካካሪ መደብሮች እንዲገቡ ተፈረደ፤ ዳርሲም የታደሰውን መተግበሪያ በአንደኛው አወጣ።

የመተግበሪያውን ዲጂታል ማኅተም ያሰበ ግን አልነበረም። ስልክ እድሳትን የሚቀበለው አሮጌው በታተመበት ማኅተም ሲታተም ብቻ ነው። የዳርሲን ማኅተም ደግሞ ኩባንያው «እኛ እንጠብቅልህ» ብሎ ወስዶታል፤ አልመልስም አለ። ፍርዱ ስለ በር እንጂ ስለ ማኅተም አንድ ቃል አይናገርም። በሌላ ማኅተም የመጣውን ለመጫን አሮጌውን ማጥፋት ግድ ነው፤ በውስጡ ካለው ድምፅ ጋር።

ኖሊንን ለማስጠንቀቅ ገሰገስን። በሩን እየሳቀች ከፈተችልን።

«ኑ ግቡ፣ እናንተ ጀግኖች! ዳርሲ፣ በዚህ ጸጉርህ ነው ዳኛ ፊት የቆምከው?»

«ኖል፣ ስልኩን አልነካሽውም አይደል?»

«ለምን አልነካውም? ዜናውን እንደሰማሁ ጫንኩት። ‹አሮጌውን ላጥፋው?› አለኝ፣ አጥፋው አልኩት። የማይከፈት ነገር ምን ይሠራልኛል!»

ስልኩን ዘረጋችልን። አዲሱ መተግበሪያ ቁልጭ ብሎ ተከፍቷል፤ ካርታው ባሕር ላይ ግን አንድም የወጥመድ ምልክት የለም።

«በል ክላይቭን አምጣልኝ» አለችው። «ነፋሱን የሚሰድብባትን አስቀድም። እሷን ነው የምወዳት።»

ዳርሲ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ነገራት። 

ኖሊን ስልኩን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«እኔ እኮ» አለች፣ «አሸነፍን ያላችሁ መስሎኝ ነው።»