ግድግዳው እስኪያልቅ

«ትንፋሿ ነው አሉ የጨረሰው።»

ጎረቤቲቱ ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነበር፤ ግን የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ከጩኸት ይብሳል። ሟች ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ጥግ ይዛ፣ አፏን በሻርፕ ሸፍና ተቀምጣለች። ሳል ሲመጣባት ትውጠዋለች። ሐኪሙ «ጉንፋን ያለበት እንዳይገባ፤ ሰውነቱ በሽታ የሚመክትበት አቅም የለውም» ብሎ ነበር። እሷ ግን ባሏ ቢናፍቃት ጉንፋኗን ደብቃ ገባች፤ ግንባሩን ሳመችው። በማግስቱ ሞተ።

የሟች ታናሽ ወንድም እጅ ላይ ሻዩ ቀዝቅዟል። ሁለቱ ወንድማማቾች ቤት ቀቢዎች ነበሩ። ከወር በፊት የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ቢጫ ሲቀቡ የታላቁ ዓይን ቢጫ ሆነ።

«ጋሼ፣ ግድግዳው አልበቃ ብሎህ ዓይንህንም ቀባኸው እንዴ?»

ታላቁ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሳቀ፤ እየሳቀ ክንዱን ያካል። ገላውን ይበላው ጀመር።

«ሐኪም ዘንድ ብሄድ ይሻላል መሰለኝ።»

«የቀለሙ ሽታ ነው ባክህ! ግድግዳውን እንጨርስና ትሄዳለህ።»

እሺ አለ። ታናሹን ከአፉ እየነጠለ ያሳደገ ሰው፣ እሱን እምቢ ማለት አያውቅበትም። ግድግዳው ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ ለታናሹ ብቻ ነገረው። «የሐሞቱን ቱቦ ጠጠር ዘግቶታል። መውጫ ያጣ ሐሞት ወደ ደም ይመለሳል። እንዲህ ሲሰነብት የሰውነት ዘቦች ይዝላሉ፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚሾልከውን ተህዋስ የሚያስቆመው የለም። አሁን ደሙ ተመርዟል። ምነው ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ!»

ያን ቀን ሚስቲቱ ገና አልሳመችውም ነበር።

አሁን ሚስቲቱ የዋጠችው ሳል አመለጣት። ጎረቤቲቱ ትንሿን ልጅ ከእናቷ ጎን ሳብ አድርጋ ወሰደቻት። እናትየው እንደሚገባት ሁሉ ልጇን ለቀቀቻት።

«እትዬ» አለ ታናሹ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «አንቺ አይደለሽም። ከመሳምሽ በፊት ደሙ ተመርዞ ነበር። ልታከም ሲል ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ግድግዳውን እንጨርስ ብዬ።»

ሚስቲቱ ሻርፑን ከአፏ አወረደች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እየታፈንኩ እያየኸኝ?»



ተነሳች። በሩ ሥር ከተከመረው ጫማ መሀል የእሱን ለይታ አመጣችና እግሩ ሥር አኖረችው።

«ሂድ።»

አጠለቀው። ክሩን ሊያስር ቢሞክር ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ቆማ አየችው። ከዚያ ተንበረከከችና አሰረችለት፤ አንደኛውን፣ ቀጥሎም ሌላውን፣ መንገድ ላይ እንዳይፈታበት በድርብ ቋጠሮ።