ሦስቱ ባዶ ቦታዎች

የከተማ አውቶቡስ ድርጅቱ የስምሪት እቅድ አውጪ ክፉ ሰው አልነበረም። ታናሽ እህቱን ከአፉ ቀንሶ አስተምሯል፤ እዚሁ መሥሪያ ቤትም ደጅ ጠንቶ ያስቀጠራት እሱ ነው። አሁን ግን ሥራ አስኪያጁ "እስቲ እህትህም ትየው" ባለ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። የክፍል ኃላፊው ጡረታ ወጥቶ ወንበሩ ባዶ ነው። እሱ ሃያ ዓመት የጠበቀው ወንበር ነው፤ ወሬው ሁሉ ግን ስለ እሷ ሆነ።

የእሱ እቅድ የዓመቱን ስምሪት በደቂቃ ከፋፍሎ የያዘ ነው። አንድም አውቶቡስ ሥራ ፈትቶ እንዳይቆም ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ለነገው ስምሪት ስትመድብ ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ ሦስት አውቶቡሶችን ያለ መስመር ትተዋለች።

"ነገ የቱ መንገድ እንደሚዘጋ በምን እናውቃለን፣ ጋሼ? ግባችን ሰው ማድረስ አይደል እንዴ?" ትለዋለች።

በዚያ ወር ሁለቴ መንገድ ተዘጋ፤ ሁለቴም ሦስቱ አውቶቡሶች ደረሱ። ሹፌሮቹ "የእህታችን እቅድ" ማለት ጀመሩ። የእሱን እቅድ እንዲህ አቆላምጦ የጠራለት የለም። በገዛ እናቱ ልጅ ቀና።

አንድ ቀን እሷ ቀድማው ስትወጣ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ማርከሩን አነሳና ሦስቱንም መስመር ሰጣቸው። የመስመሩን ቁጥር ሲጽፍ፣ እንደ ልማዱ ሰባትን ወገቡ ላይ ሰረዝ አደረገበት። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ከተማው ሆስፒታል የሚያሻግረው ድልድይ ተሰንጥቆ ተዘጋ። ወደ ሆስፒታሉ የሚሄዱት ተረኞች ፌርማታ ላይ ቀሩ፤ ሌሊቱን የሠሩት ነርሶች የሚተካቸው አጥተው እስከ ቀትር ቆሙ።

እህቱ ትርፍ አውቶቡስ ፍለጋ ወደ ሰሌዳው ሮጠች። ወገቡ ላይ የተሰረዘውን ሰባት አየች፤ ወንድሟንም አየች። ከዚያ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። ሥራ አስኪያጁ ቱግ ብሎ ገባ።

"ሦስቱ የት ገቡ?"

"እኔ ነኝ መስመር የሰጠኋቸው። ተሳስቻለሁ" አለች።

ወንድሟ ዞሮ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

በሳምንቱ ኃላፊነቱ ለእሱ ተሰጠ። አዲሱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እህቱ ማርከሯን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ ለነገ ስንት ልተው?"

በድምጿ ውስጥ ቂም ፈለገ፤ አጣ። ቢያገኝ ይሻለው ነበር።

"ሦስት" አላት።

ሃያ ዓመት የተመኘው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አሁንም የሚቀናው በቆመችው ነበር።