የሐዳሳ ወላጅ

«አሥራ ዘጠኝ ቀን!» አለች መምህርት ፋንቱ፣ የስም መጥሪያ መዝገቡን ወደ ሰውየው እያዞረች። «በአንድ ወር አሥራ ዘጠኝ ቀን ልጅ ሲቀር ዝም ይባላል? የቡና ለቀማው ይደርሳል፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ግን በዓመት አንዴ ነው።»

ሰውየው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፋ። «ልክ ነሽ መምህርት። ጥፋት ነው።»

«ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ላክሁ!»

«ልክ ነሽ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«እኔማ ሱቄ ነበርኩ፤ ልብስ እሰፋለሁ። አባቷን ከሆነ የምትዪው፣ ወላሂ እኔም ካየሁት አራት ዓመት አልፎኛል።»

ፋንቱ እጇ መዝገቡ ላይ ቀረ። «እርስዎ የሐዳሳ አባት አይደሉም?»

«ሸኩር እባላለሁ። ጎረቤቷ ነኝ።»

«ይሄን ሁሉ ስናገር ለምን ዝም አሉኝ ታዲያ?»

«ንዴትሽ ይውጣልሽ ብዬ ነዋ! ደግሞ ከአባቷ ድርሻ ትንሽ ብቀበል ምን እሆናለሁ?»

ፋንቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ወንበር ሳበችለት። ጋሽ ሸኩር ተቀምጦ ነገሩን ከሥሩ ነገራት። የሐዳሳ እናት ተስፋነሽ ከወላይታ ለለቀማ መጥታ እዚህ ሰርቦ የቀረች ሴት ናት። የሰው ቡና በእኩል፣ ምርቱን ከባለቤቱ ጋር ለሁለት እየተካፈለች፣ ታለማለች። ኅዳር በገባ በሳምንቱ የቡና ጆንያ ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ አንሸራተታትና እግሯ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የምትለቅመው ሐዳሳ ናት።

«ይደርሳል አልሽ እንጂ እሸት ቡና አይጠብቅም» አለ። «ቀልቶ ሳምንት ካለፈው መሬት ነው። የዓመት ጉርሳቸው እሱ ነው።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ወላጅ አምጪ ካላችኋት በኋላ? እናቷን በቃሬዛ ታምጣ?»

ፋንቱ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ፎርም አየችው። የተፈታኞች ዝርዝር ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ወረዳ ይላካል። ከአሥራ አምስት ቀን በላይ የቀረ ተማሪ ወላጁ መጥቶ የግዴታ ፎርም ካልፈረመለት ስሙ ይሰረዛል ተብሏል። ዝርዝሩ ላይ የሐዳሳ ስም በእርሳስ ተከቦ ነበር። ከተሰረዘች ዓመቱ አለቀ ማለት ነው፤ ለቀማ የለመደች ልጅ ደግሞ በዓመቱ ትመለሳለች ብሎ የሚምል አይኖርም።

«እዚህ ላይ የሚፈርመው ወላጅ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ፋንቱ ራሷም ልጅ ሆና፣ አሰንዳቦ አራተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ወላጅ አምጪ ተብላ ነበር። አባቷ የመንገድ ሥራ ላይ ነበር፤ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። እናቷ አራስ ነበረች። መናኸሪያው አጥር ሥር ቆማ ስታለቅስ የሰፈራቸው ሰው፣ ትኬት ቆራጩ ጋሽ ከተማ፣ አያት። ምን ሆንሽ አላት። ነገረችው። መስኮቱን ዘግቶ፣ የተሰለፉትን ሰዎች «መጣሁ፣ ልጄ አጥፍታ ነው» ብሎ ትቷቸው እጇን ይዞ ሄደ። መምህሩ ፊት አንድ ጊዜ ተቆጣት። ሲመለሱ ሸንኮራ ገዛላት። አባቷ የመጣ ዕለት ደግሞ ነገሩን አንድ ሳያስቀር ነገረው። መምህሩ ጋሽ ከተማን በደንብ ያውቀው ነበር፤ ጅማ ለመሄድ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከእሱ ነበር ትኬት የሚቆርጠው። ግን አባቷ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም። ያኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም።

አሁን ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር መኖር ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። የግድግዳ ተጋሪዎቿን ልጆች ስም አታውቅም። የበራቸውን ቀለም ነው የምታውቀው።

«ቢፈርሙስ፣ ከለቀማው እንድትመለስ ምን ያደርጋሉ?» አለችው።

«ትናንት ከመግሪብ ሶላት በፊት ጎረቤት ሁሉ ተነጋግረናል። ቅዳሜ ቡናው ያለበት ዳዶ እንወጣለን፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ የእሷን በአንድ ቀን ይለቅመዋል። ከሰኞ ጀምሮ የቤቱን ውሃ ጎረቤታችን የኔነሽ ትቀዳለች። ምግቡንም ሴቶቹ ተከፋፍለውታል።» ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ያመለጣት ትምህርት ነው የቀረው። እሱን እኛ አናውቀውም። ማሎ፣ እባካችሁ፣ እሱን እናንተ ቻሉልን።»

በሩ ተከፈተና ርዕሰ መምህሩ ለይኩን ገባ። ፋንቱ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እዚሁ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ዛሬም አንቺ ብሏት አያውቅም።

«መምህርት፣ ዝርዝሩ አላለቀም እንዴ? ሞተረኛው እየጠበቀ ነው።» ሸኩርን አየው። «የሐዳሳ አባት ነዎት?»

ጋሽ ሸኩር ወደ ፋንቱ ተመለከተ። አዎ በሉ ብትለው እንደሚል ከፊቱ አወቀች። እሷም አባት ብላ ብትጽፍ የሚጠይቃት አልነበረም።

ፎርሙን ሳበች። ስሙን ጻፈችና «ዝምድና» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ «ጎረቤት» ብላ ሞላች። ሸኩር ፈረመ። ከሥሩ እሷ የራሷን ስም ጽፋ ፈረመችና ለለይኩን ሰጠችው።

ለይኩን ሁለት ጊዜ አነበበው። «መምህርት፣ ይሄ ፎርም ጎረቤት አይልም።»

«አይልም። የመጡት ግን እሳቸው ናቸው።»

«ወረዳ ቢመልሰውስ?»

«ቢመልሰው እኔ ሄጄ አስረዳለሁ። እንዳይመልሰው ማኅተም አድርግበት። ያመለጣትን አማርኛ እኔ አካክስላታለሁ፤ ሒሳቡን ቅዳሜ እንዲያስጠናት ለመምህር ዮኤል እነግረዋለሁ።»

«ዮኤል ቅዳሜ ኳስ አለው።»

«ኳሱን ከሰዓት ይጫወት።»

ጋሽ ሸኩር ሳቀ። ለይኩን አልሳቀም፤ ፎርሙን ይዞ ወደ ቢሮው ሄደ። የማኅተሙ ድምፅ በስሱ ግድግዳ በኩል ተሰማ።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» አለች ፋንቱ።

«አሥራ ሁለት ተኩል። ምነው?»

«ቅርጫት አለኝ።»

«የመምህር እጅ እሸት ይለያል? አረንጓዴውን ለቅመሽ እንዳታዋርጂኝ!»

«አሰንዳቦ ቡና ስለቅም ነው ያደግሁት፣ ጋሽ ሸኩር።»

ቅዳሜ ጠዋት ከጅማ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። አሥራ አንድ ሰው ሆነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለቀሙ። ሐዳሳ ትምህርት ቤት ውስጥ ከዮኤል ጋር ሒሳብ ስትሠራ ዋለች። ወረዳው ፎርሙን ማክሰኞ መለሰው፤ ፋንቱ ረቡዕ ልታስረዳ ይዛው ወረዳ ሄደች።