የተቆለፈው ማዋለጃ ክፍል

ልጄ ምጥ ይዟት የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማለች። ፊት ለፊቷ ደግሞ አዲስ ማዋለጃ ክፍል ተቆልፎ ተቀምጧል። በበሩ መስታወት አጮልቄ አየሁት፦ አልጋው ያብረቀርቃል፣ መብራቱ በርቷል፣ ሰው ግን የለም። ወይ ጉድ!

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማንኛውንም ነገር ገልብጬ ስፌቱን ካላየሁ አላርፍም። ባሌ በዚህ ጠባዬ “መርማሪዋ” ይለኛል። አዋላጇን ክንዷን ያዝ አደረግኳት።

“እህት፣ ይሄ ክፍል ለማን ነው?”

“ለወላድ ነዋ፣ እናቴ።”

“ታዲያ የኔዋ ምን ልትሆን መጣች?”

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። የድሮው ክፍል አልጋዎች ሁሉ ተይዘዋል። የአዲሱ ቁልፍ ዋና ነርሷ ጋ ነው፤ እሷ ስብሰባ ሄዳለች፣ ስልኳም ዝግ ነው።

“ለምንድነው የምትቆልፈው?”

“ሕንፃው የኛ አይደለም እኮ። ኩባንያ በራሱ ገንዘብ ሠራው፤ መንግሥት በየወሩ ኪራይ ይከፍለዋል፣ ውሉ ሲያልቅ ነው የመንግሥት የሚሆነው። ጥገናውም የነሱ ነው። እኛ ያበላሸነውን ግን እኛው እንከፍላለን። አንዴ አልጋ ስንገፋ ግድግዳውን ብንጭረው ከጓንት መግዣችን ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ተቆለፈ።”

“ማንም ባይተኛበትም ኪራዩ ይከፈላል?”

“ዝግጁ እስከሆነ ድረስ ይከፈላል።”

ደሜ ፈላ። ለካ እኔም በግብሬ የተከራየሁት ክፍል ነው! ለእንግዳ ብሎ ሶፋውን በላስቲክ ሸፍኖ ልጆቹን መሬት የሚያስቀምጥ ሰው አውቃለሁ፤ በማዋለጃ ክፍል ግን እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም።

“ዝግጁ ካልሆነስ?” አልኳት።

“ያኔ እነሱ ይቀጣሉ። መብራት ቢጠፋ፣ ቧንቧ ቢያፈስ፣ ቶሎ ካልጠገኑ ከኪራዩ ይቀነስባቸዋል። ስልካቸውን የለጠፉትም ለዚህ ነው።” በአገጯ ግድግዳውን ጠቆመችኝ። “ብልሽት ካዩ ይደውሉ” ይላል።

“እማዬ፣ ወገቤ!” ብላ ልጄ ጮኸች። አዋላጇ ጎንበስ ብላ አየቻትና “ደርሷል፤ እዚሁ ልትወልድ ነው” አለች። በኮሪደሩ ሰው ይተላለፋል፣ የጽዳት ሠራተኛው ባልዲውን ይጎትታል። ልጄ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልትወልድ? እኔ በሕይወት ቆሜ? አይደረግም!

ስልኬን አወጣሁና ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ደወልኩ።

“ምን ተበላሸ፣ እናቴ?” አለኝ አንድ የወንድ ድምፅ።

“የአዲሱ ማዋለጃ በር አልከፈት ብሏል።” ውሸት አይደለም፤ እጀታውን ይዤ እየታገልኩት ነበር። “ወላድ ደጁ ላይ አለች። ክፍሉ ዝግጁ አይደለም ብዬ ላስመዝግብ?”

“ኧረ ኧረ፣ መጣሁ!”

ወይ መፍጠን! የኩባንያው የጥገና ሠራተኛ መሰላሉን እንደተሸከመ እየሮጠ ደረሰ። ከቀበቶው ቁልፍ ፈቶ አንዴ ጠመዘዘው፤ በሩ ተከፈተ።

“ምንም አልሆነም እኮ፣ እናቴ፤ ተቆልፎ ነው እንጂ” አለ ግራ ተጋብቶ።

“ብልሽቱ እሱ ነው። ይልቅ በዚያ በኩል ደግፍልኝ!”

መሰላሉን እንደያዘ ደግፎ አስገባልኝ። ብዙም ሳትቆይ ልጄ ሴት ልጅ ተገላገለች። የሕፃኗ ለቅሶ ኮሪደሩን ሞላው። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል?

ዋና ነርሷ ስትመለስ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው፤ መሰላሉ ከጥግ እስከ ጥግ ጭሮታል።

“ማነው የከፈተው?”

“እኔ ነኝ ያስከፈትኩት” አልኳት፣ ለጠብ ወገቤን ይዤ። “ግድግዳውን የጫረው ግን የራሳቸው ሰው ነው። ከጓንታችሁ አይቆርጡም።”

አልተቆጣችም። ወደ አልጋው ተጠግታ የሕፃኗን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

“እኔ እኮ ለጓንቱ ብዬ ነው” አለች ቀስ ብላ። አመንኳት፤ ክፉ ሴት አይደለችም።

ልጄን ወደ ማገገሚያ ክፍል ስናዛውራት ዋና ነርሷ ቁልፏን አውጥታ በሩ ላይ ቆመች። ልትቆልፍ ነው ብዬ ስልኬን ጨበጥ አደረግሁ። ልጄ በተነሳችበት አግዳሚ ላይ ሌላ ወላድ ወገቧን ይዛ ታቃስታለች። ነርሷ እሷን አየቻት፣ የተጫረውን ግድግዳ አየችው። ከዚያ ቁልፉን ኪሷ ከተተችና፣

“ነይ እህቴ፣ ግቢ” አለቻት።