የጥቁር ጥለት ደንበኞች

ኦልያድ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር ለማገናኘት ሲታገል መብራት ደጋግሞ ጠፋ። በጠፋ ቁጥር «ችግር የለም፣ ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ነው» ይለናል። ክላውዱን የምናይበት ፕሮጀክተር ግን መብራት ይፈልግ ነበር።

ቢሯችን ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ መደብሮቹ በላይ ነው። ከታች ያሉት ነጋዴዎች የሚሸጡትን የሀገር ልብስ በኢንተርኔት እንሸጥላቸዋለን፤ ፎቶ እናነሳለን፣ ማስታወቂያ እንለቃለን፣ ትዕዛዝ ተቀብለን በሞተር እናደርሳለን። ድርጅቱ የኢታና ነው። እኔ ስታቲስቲክስ ስለተማርኩ ቁጥሩ የኔ ድርሻ ሆኗል፤ ማን ምን ገዛ፣ መቼ ገዛ፣ የት ደረሰለት። ይህን ሁሉ በኤክሴል ነው የምሠራው። አንድ ቀን ግን ኢታና ስብሰባ ሄዶ አንዱ ነጋዴ «እስካሁን በኤክሴል?» ብሎ ሳቀበት። አፍሮ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ኤክሴልን የሚተካ አዲስ ሲስተም ስንመርጥ ከረምን።

የመጀመሪያው ካርታ የሚሠራ ነበር። ደንበኞቻችን አድራሻ ሲጠየቁ «ከእጽዋት ማዕከሉ መታጠፊያ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» ነው የሚሉት። ካርታው ይህን ስላላወቀ፣ ያላወቀውን ሁሉ ሰብስቦ ሸጎሌ የከብት ገበያው መሀል ሰካው። እንደ ካርታው ከሆነ ዋነኞቹ ደንበኞቻችን በሬዎች ነበሩ። ሁለተኛው በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ የቀሚስ ሽያጭ ሲወርድ አይቶ «ደንበኞችዎ ወደ ተፎካካሪ እየሸሹ ነው» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ሰጠን። ከፋሲካ በኋላ ሰዉ ተመልሶ ሲመጣ፣ ምክሩ በመሥራቱ እንኳን ደስ አላችሁ አለን። ምንም አላደረግንም ነበር።

ሦስተኛውን ሊሸጥልን የመጣው ኦልያድ ነው። የሚያብረቀርቅ ጫማ ያለ ካልሲ ያደረገ፣ ትሑት ለመምሰል የሚጥር ወጣት ነው። ሲገባ ጨበጠኝና «እትዬ ሩታ፣ ጥቁር በጣም ይሄድብዎታል» አለኝ። አመሰገንኩት።

«እንግዲህ ይሄ ሲስተም ራሱ ያስባል» ብሎ ጀመረ።

«ስለ ምን?» አልኩት።

«ይቅርታ?»

«ስለ ምን ነው የሚያስበው?»

ኢታና በዓይኑ ለመነኝ። ተውኩት።

ግድግዳው ላይ የደንበኞቻችን ምድቦች ናቸው የተባሉ ብዙ ክቦች ታዩ፤ መሀላቸው አንድ ትልቅ ወርቃማ ክብ አለ። ኦልያድ ወደሱ ሲጠጋ ድምፁ ዝቅ አለ፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው።

«እንዲህ ዓይነት ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ዋጋ አይከራከሩም። አንድ ሰው ለቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚያዘው። የዛኑ ዕለት ይድረስልን ይላሉ። ቢሰፋቸው እንኳ አይመልሱም። አንድ ችግር ብቻ ነው ያለባቸው።»

«ምን?» አለ ኢታና፣ ወንበሩን ወደፊት እየሳበ።

«አንዴ ገዝተው ይጠፋሉ። ሲስተሙ ግን መልሶ ያመጣቸዋል። ሰኞ ጠዋት ለሁሉም መልእክት እንልካለን።»

ከክቡ ሥር የዕቃው ኮድ ተጽፏል፤ ጥ-4። ኮዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጥቁር ቀሚስ፣ ከጥቁር ጥለት ነጠላ ጋር። የእትዬ ሠርካዲስ ዕቃ ነው። እትዬ ሠርካዲስ ይህን ልብስ መደብራቸው ፊት ለፊት አይሰቅሉትም። ከኋላ መደርደሪያ አላቸው፤ የሚመጣውን ሰው ፊት አይተው ሳይጠየቁ ያወርዳሉ። ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ ሲፈቅዱ «ፎቶው ላይ ሰው እንዳይለብሰው፣ ማስታወቂያም እንዳይሠራበት» ብለው ቃል አስገብተውናል። ቃሉ የፈረሰ ቀን ዕቃቸውን በሙሉ ከኛ ያወጣሉ፤ እሳቸው ከወጡ ከታች ያሉት ሌሎቹም ይከተላሉ።

አምና እኔም ከዚያ መደርደሪያ ወስጃለሁ፤ እንደማንኛውም ደንበኛ ስሜንና ስልኬን መዝግቤያለሁ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልልም።

«ጥ-4 የሐዘን ልብስ ነው» አልኩ።

ኢታና አንገቱን አከከ። ኦልያድ ግን ብዙም አልቆየም። «እሺ... በቃ ይሄማ የበለጠ ጥሩ ነው። ማለቴ፣ ጥሩ ሳይሆን... ፍላጎቱ ቋሚ ነው። ሰው መቼም...»

«ይሞታል» ብዬ ጨረስኩለት።

መልእክቱን ግድግዳው ላይ አወጣው። «አንድ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኛ አልረሳንም! ልብስዎን በሃያ በመቶ ቅናሽ ያድሱ።»

«ዓመት ሲሞላ ጥቁር ይወልቃል እንጂ አይታደስም» አልኩት። «ያንተ ሲስተም ሰዎቹን ሌላም ሰው ይሙትባችሁ እያላቸው ነው።»

«ዳታው እንደዛ አይልም እትዬ ሩታ። ስሜትን ከዳታ መለየት አለብን።»

ስብሰባውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልዘጋው እችል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ግን የኔ ነው፤ ለኦልያድ ፕሮጀክተር አላወጣውም። ወደ ኢታና ዞርኩ። ኢታና የባሌን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ያን ሰዓት ግን የሚታየው ወርቃማው ክብ ብቻ ነበር።

«ሩትዬ፣ እስቲ ከገዙ ዓመት ሊሞላቸው ለተቃረቡት አምስት ሰዎች እንሞክረው» አለ። «ካልተዋጠላቸው ሰኞ አንልክም።»

«እስቲ እንሞክረው» አልኩ። አምስቱ እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ።

ኦልያድ «ላክ» የሚለውን ተጫነ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ሳላነበው ገለበጥኩት። ኢታና ስልኩን አየ፣ ከዚያ ልብሴን፣ ከዚያ ፊቴን። ቀስ በቀስ ሲገባው መመልከት ደስ አይልም።

«ሩታ...»

«ቀጥሉ» አልኩ።

ወዲያው የቢሮው ስልክ ጠራ። «አያችሁ!» ብሎ ኦልያድ ተነሣ። «ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም!» ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

«ሃሎ? የልብሶቹ ቤት ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ዓምሃ እባላለሁ፤ ከእንጦጦ ሥር ነው የምደውለው። አምና ልጄ ሶፍያ ስታርፍ ልብሱን ያመጣችሁልን እናንተ ናችሁ።»

«አዎ ጋሽ ዓምሃ» አለ ኢታና፣ በጭንቅ።

«መልእክታችሁ ደረሰኝ። መነጽሬን እስካገኝ የላይኛዋን መስመር ብቻ ነው ያነበብኩት። አንድ ዓመት ሊሞላ ነው፣ እኛ አልረሳንም ይላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አብረዋት ይሠሩ የነበሩት እንኳ አልደወሉም። እናንተ ልብስ ሻጮቹ አስታወሳችሁ። እግዜር ይስጥልኝ ልላችሁ ነው። እሑድ ሙት ዓመቷ ነው፤ ፍትሐቱ እንጦጦ ማርያም ነው። ኑ።»

ኦልያድ አውራ ጣቱን ወደ ኢታና ቀሰረ። ኢታና አንገቱን ደፋ።

«ቆዩማ፣ ከታች ደግሞ ሌላ ነገር አለ» አሉ ሽማግሌው። «ሃያ በመቶ ነው የሚለው? ምንድን ነው እሱ ልጆቼ?»

ኦልያድ የሚያስበውን ሲስተሙን ዞሮ አየው። ስልኩን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«ጋሽ ዓምሃ፣ ሩታ እባላለሁ። ከታች ያለው በስሕተት የገባ ነው። አያንብቡት፣ ይቅርታ ያድርጉልን።»

«የላይኛውስ? እሱም ስሕተት ነው?»

ድምፃቸው እንደተለወጠ ሰማሁ። የላይኛውን የጻፈው ሶፍያ የምትባል ሰው መኖሯን የማያውቅ ማሽን ነው። ይህን ልነግራቸው አልቻልኩም።

«የላይኛው ትክክል ነው» አልኩ። «እሑድ እመጣለሁ።»

ስልኩን ስዘጋ ኢታና የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቅሎ ይዟል። «እናመሰግናለን ኦልያድ» አለ።

«ግን እኮ ምላሽ አገኘን! ከአምስት ሰው አንዱ ደወለ፣ ይሄ በኛ ሥራ...»

«ሃያ በመቶ ነው» አልኩት። መብራቱ ደግሞ ጠፋ። «ደረጃውን ስትወርድ ተጠንቀቅ፣ መብራት የለም።»

ከሄደ በኋላ ኢታና ገመዱን እየጠቀለለ በሩ ላይ ቆመ። «ሩትዬ፣ እኔ... ስልክሽ ላይ የመጣው...»

«ለቀሩት ሦስቱ ደውለህ ይቅርታ ጠይቅ። እትዬ ሠርካዲስም ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ካንተ ይስሙ።»

«አሁን እወርዳለሁ።» አልሄደም። «እሑድ በኔ መኪና እንሂድ?»

«እሺ። ጥቁር እንዳትለብስ፤ የሚያወልቁበት ቀን ነው።»

ብቻዬን ስቀር መልእክቱን ሳልከፍት አጠፋሁት። ላፕቶፔ ባትሪ ነበረው፤ ኤክሴልም ኢንተርኔት አልጠየቀኝም። ጥ-4 የገዙትን ብቻ ለይቼ አወጣሁና ከስማቸው ጎን አዲስ ዓምድ ጨመርኩ። የመጀመሪያው ስም ፊት «መልእክት አይላክ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ቃሉን በመዳፊቱ ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። ኤክሴል ምንም አላሰበም፤ የታዘዘውን አደረገ። መሀል ላይ ስሜ ጋ ሲደርስ አልቆመም፤ እኔም አላቆምኩትም።