እማዬና የመሮጫ ትራሴ

ግራ እጄ ከክርን በታች የለችም። የት ሄደች ሲሉኝ እንደ ጠያቂው ነው የምመልሰው። ለሕፃናት «አዞ በላት» እላለሁ፣ ለቆንጆ ደግሞ «ላንቺ ሰጥቼሽ የለ፣ ረሳሻት እንዴ?» እውነቱን ካላችሁ ዳቦ ቤት ስሠራ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ነው የወሰዳት። አሁን እንደኔ እጃቸው ከጎደለ ልጆች ጋር መቶ ሜትር እሮጣለሁ።

ሩጫው ችግር የለውም፣ ችግሩ መነሻው ላይ ነው። በርከክ ስትል ቀኝህ መሬት ይይዛል፣ ግራህ አየር ላይ ይቀራል፣ አንተም እንደ ሰካራም ወደ ጎን ዘመም ትላለህ። እና ለግራዬ መደገፊያ ትንሽ የሳንቃ ሳጥን መታሁ። ሳንቃው ግን ክንዴን ላጠው።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ቁስሌን እንዳየች የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ለሳጥኑ ከግራጫ ጨርቅ ትራስ ሰፍታ፣ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ሞልታ፣ ላዩ ላይ ቀያይ የጨርቅ አበባ ደረደረችበት።

«እማዬ፣ ልሮጥ ነው ልዳር?»

«ዝም በል አንተ ጉድ! የኔ ልጅ ደረቅ እንጨት አይደገፍም።»

ትራሱን ይዤ የቀረብኩበት ሩጫ የዋዛ አልነበረም። አንደኛና ሁለተኛ የወጣ ብቻ ብሔራዊ ቡድን ይገባል፣ ሌላው ወደ ቤቱ። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤትም ከዳቦ ቤትም ወደ ቤቴ መሸኘት ሰልችቶኛል።

ሳጥኔን መነሻው ላይ ሳስቀምጥ ጎኔ ያለው፣ መብረቅ የምንለው ልጅ፣ ትራሴን አይቶ በሳቅ ፈረሰ።

«ሶፋህን ይዘህ መጣህ?»

«አዎ፣ ጨርሼ እመለስና ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ።»

ዳኛው ግን አልሳቀም። «አበባ ያለበት አይገባም» አለ። «መደገፊያ አንድ ወጥ ቀለም ነው፣ ጌጥ ክልክል ነው። ወይ አውልቀው፣ ወይ ውጣ።»

ምኑን ላውልቅ? አበባው ቢነቀል ጨርቁ ይቀደዳል፣ ጨርቁ ከወለቀ ደግሞ የሚቀረኝ ሳንቃው ነው። እስቲ ብዬ ትራሱን አንስቼ ክንዴን ባዶው ሳንቃ ላይ ባሳርፍ፣ ቁስሉ እሳት ሆነብኝና ዘልዬ ተነሳሁ። መብረቅ እንኳ ሳቁን ተወ።

ቀና ስል እማዬ አጥሩን እየዘለለች ነው! በዚያ ዕድሜዋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ መቀስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።

«እናቴ፣ እዚህ ሰው አይገባም» አላት ዳኛው።

«አይዞህ፣ አልሮጥም» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ምን ሆንክ?»

«አበባሽን አባረሩት። ገልብጪው እማዬ፣ ውስጡ እኮ ግራጫ ነው።»

ክው አለች። እማዬ የሰፋችውን ልብስ ውስጡን ለማንም አታሳይም። ደንበኛ ገልበጥ አድርጌ ልይ ካለ ከእጁ ትቀማዋለች። ቋጠሮው፣ ትርፍ ክሩ፣ የተጣመመው ስፌት፣ ያ ሁሉ ለሷ የራሷ ገመና ነው።

«ሰው ፊት? በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት?»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

ክንዴን አየች። ከዚያ ስፌቱን በመቀሷ ቀደደች፣ ስፖንጁን ጭኗ ላይ ዘረገፈች፣ ጨርቁን ገለበጠችና መልሳ ሞልታ እዚያው የመሮጫው መም ላይ በመርፌ ጠቀመችው። ስትሰፋ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ቋጠሮው፣ ጥልፍልፉ፣ ሁሉም ወጣ። የወፍ ጎጆ በሉት።

ለዳኛው ዘረጋችለት። «እንካ። ይሄ ጌጥ ነው?»

እያገላበጠ አየው። «ኧረ ይሄስ ጌጥ አይባልም።»

«አይባልም?!» ብላ ልትነክሰው ምንም አልቀራት። እየሳቅኩ ገፋ አደረግኳት።

«በየቦታችሁ!»

ክንዴን አሳረፍኩ። ቋጠሮዎቹ ትንሽ ይቆረቁራሉ፣ ግን ይሄ መቆርቆር እንደ እማዬ ቁንጥጫ ነው፣ ተነስ ተነስ ይላል። ሽጉጡ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የመብረቅን ጀርባ ብቻ ነው፤ ጀርባው ቀረበ፣ ቀረበ፣ እሱ ግን እንደ ስሙ ነው፣ አልያዝኩትም። ከኋላዬ የሚተነፍስብኝን ልጅ በደረቴ ቀደምኩት።

ሁለተኛ!

እማዬን ባያት የለችም። ሕዝቡ ሁሉ መጨረሻው ላይ እየጮኸ ነው፣ እሷ የለችም። ለካ እዚያው መነሻው ጋ፣ ለሰው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ትራሱን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሮጬ ሄድኩ።

«እማዬ! አላየሽኝም እንዴ?»

«እንዴት ልይህ? ይሄን ጉድ መልሼ ሳልገለብጥ ሰው እንዲያየው ነው?» አበቦቹ ግማሽ ድረስ ወጥተዋል። «ስንተኛ ወጣህ?»

«ሁለተኛ። ቡድን ገባሁ።»

እጇ ቆመ። ዓይኗ በእንባ ሞላ። አንገቴን ስባ ግንባሬን ሳመችኝና ወዲያው መርፌዋን አነሳች።

«እሰይ የኔ አንበሳ። በል እዚህ ቁም፣ እስክጨርስ ከሰው ከልለኝ።»